ስሙን የተቀማው የአራዳ ክለብና አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

የልጃቸው ጫማ በኳስ ተቀዶ ባዩ ጊዜ የሚቈጡ አባቶች ብዙዎች ናቸውና፥ በዛሬው ዓምዳችን ስለ አንድ የኳስ ተጫዋች ልናወሳ ወደድን።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፥ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። የእንደዚህ ያለ ባለ ቅኔ ልጅ ኳስ ሲከተል ማየት ለዘመኑ ሰው እንግዳ ነገር ሳይሆን አልቀረም፤ እኛ ግን ሁለቱም ሕዝብን የሚሰበስቡ ሙያዎች ናቸው እንላለን።

በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በአራዳ የኳስ ክለብ አቋቁመው፥ በደብሩ ስም ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ይድነቃቸውም ገና በ14 ዓመታቸው ገቡበት። ወዲያው በጥቂት ወራት ውስጥ ጠላት አዲስ አበባን ያዘ። ጠላት ኳሱን አልከለከለም፤ ነገር ግን ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይጫወቱ ለየ፥ የክለቡንም ስም «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ብሎ ለወጠው። ሊቶሪዮ ከፋሺስት ዓርማ የወጣ ስም ነው። ወጣቱ የሚወደውን ጨዋታ ለመጫወት በጠላት ስም መሰለፍ ግድ ሆነበት። (ፒያሳ የሚለው የጣሊያን ስም እስከ ዛሬ በአፋችን አለ፤ ሊቶሪዮን ግን የሚጠራ የለም።)

ከነጻነት በኋላ ክለቡ ስሙን መለሰ። በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው ሻምፒዮና ቅዱስ ጊዮርጊስ ከግሪኮች፥ ከአርመኖች፥ ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮንና ከጣሊያኖችም ክለብ ጋር በአንድ ሜዳ ተወዳደረ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞች ናቸው፤ ቢሆንም ትናንት ከነጭ ጋር አይጫወቱም የተባሉት ልጆች ተሰልፈው መታየታቸው ከዋንጫው ይበልጥብናል።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ የኳስ ማኅበር በካርቱም ሲመሠረት አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በመጀመሪያው ዋንጫ ኢትዮጵያን የምትገጥመው ደቡብ አፍሪካ ነበረች። እርስዋም ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እልካለሁ እንጂ ደባልቄ አልልክም ስላለች ከውድድሩ ወጣች። በአራዳ ሜዳ በዘር መለየትን በልጅነቱ የቀመሰ ሰው በዚያ ጉባኤ ላይ መቀመጡን ስናስብ ይደንቀናል። ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

የተመለሰው በ1954 ዓ.ም. ነው። አቶ ይድነቃቸው ያሠለጠኑት ቡድን ጥር 13 ቀን በአዲስ አበባ፥ በተጨመረ ሰዓት፥ ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈ። ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው፤ አባቱ ጣሊያናዊ፥ እናቱ ኤርትራዊት።

አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካን ማኅበር በሊቀ መንበርነት መርተው በነሐሴ 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። በዚያ ሁሉ ዘመን የዘር መለያየት ካልቀረ ደቡብ አፍሪካ አትገባም ባዮች ነበሩ። እርስዋም ወደ ዓለም የኳስ ማኅበር የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ነው።