ልቤ 146፣ ደስታዬ ዜሮ!

ሰሞኑን ከባህር ዳር የደረሰኝ ደብዳቤ መጀመሪያ ላይ አሳቀኝ፤ እየዘለቅሁ ሳነበው ግን ሳቄ ጠፋ። ጸሐፊው የ34 ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ነዋሪነቱም ፔዳ አካባቢ። ለዓመታት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በማለዳ እየተነሳ፣ አባይን ተሻግሮ እስከ ቤዛዊት አቀበት ሲሮጥ ኖሯል። «ትዳሬ ሲፈርስ ደግፎ ያቆመኝ ያ ሩጫ ነው» ይላል። ዘንድሮ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ገዛና «ከ146 እንዳታልፍ!» ተባለ።

«አቀበቱ ላይ ሰዓቱ ይጮሃል፤ እኔ እራመዳለሁ። ጓደኞቼ ጥለውኝ ይሄዳሉ። ቤተ ክርስቲያን ሳሚ እናቶች ሳይቀሩ ያልፉኛል። ብቻዬን ቀረሁ። አሁንማ ከወጣሁ ሦስት ሳምንቴ። ሰዓቱን ልጣል ወይስ ሩጫውን?»

ኧረ ሁለቱንም አትጣል ወንድሜ!

ለመሆኑ 146 ከየት መጣ? ፊል ማፈቶን የተባሉ አሜሪካዊ ካወጡት ቀመር ነው፤ ከ180 ላይ ዕድሜህን ትቀንሳለህ፣ በቃ። ግምት ነው እንጂ የአንተን ልብ የመረመረ የለም። ዕድሜያቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች እንኳ የልባቸው ጣሪያ በ20 ምት ሊራራቅ ይችላል። በዚያ ላይ የባህር ዳር ሙቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የውሃ ጥም ምቱን ከፍ ያደርጉታል። ሰዓቱም ቢሆን አንዳንዴ ልብህን ትቶ እርምጃህን ይቆጥራል። ከተጠራጠርክ ቆም በልና አንጓህን በጣትህ ይዘህ 15 ሰከንድ ቁጠር፤ በ4 አባዛው።

ቀስ ማለቱ ግን የፈረንጅ ፈሊጥ ብቻ እንዳይመስልህ። እንጦጦና ሱሉልታ ጫካ ውስጥ አትሌቶቻችን በቀላል ቀናቸው በዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ ሶምሶማ ሲሉ ያየ ሰው «እነዚህ ናቸው ዓለምን የሚያስከትሉት?» ይላል። በዝግታ የተሮጠ ኪሎ ሜትር ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም እንዲረጭ፣ በጡንቻ ውስጥም ቀጫጭን የደም ሥሮች እንዲበዙ ያደርጋል፤ እግርንም ያሳርፋል። ልብ በል ግን፣ እነሱ የሚያዘግሙት ተሰልፈው፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እያየ ነው። አንተን የጎዳህ ዝግታው ሳይሆን ብቸኝነቱ ይመስለኛል።

ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ቤዛዊትን እርሳው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ አቀበት የለበትም፤ ተመላለስበት። መለኪያህ ወሬ ይሁን፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥብህ ከተናገርክ ልክ ነህ። ለወሬ ደግሞ ሰው ያስፈልጋልና ጓደኞችህን ጥራቸው። ማን ያውቃል፣ ከሁለቱ አንዱ ትንፋሽ እያጠረው በእልህ ሲከተላችሁ የኖረ ይሆናል! ቅዳሜ ግን ሰዓቱን አልጋህ ላይ ተወውና እንደ ድሮው አቀበቱን ውጣ። ልብህም ይምታ፣ ይጩህ!

(ደረትህን የሚወጋህ ወይም የሚያዞርህ ከሆነ ግን ጨዋታ የለም፤ ከሁሉ በፊት ሐኪም ዘንድ ሂድ።)

ሦስቱ ሳምንት ይብቃህ። ጓደኞችህ የሚነሱበትን ሰዓት ታውቀዋለህ።