አልኮል ሁሉ አንድ አይደለም

ድሬዳዋ ቆላ ናት። አየሩ ሞቃትና ደረቅ ነው። በደረቅ አየር ቆዳ ይሻክራል፤ ተረከዝም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀፊራ ገበያ የወረደ ሰው ቅባት ወይም ሎሽን ይገዛል። በብልቃጡ ላይ «አልኮል» የሚል ቃል ቢያገኝስ? ይግዛ ወይስ ይተው? መልሱ እንደ አልኮሉ ዓይነት ነው።

አንደኛው ኢታኖል ይባላል። እንደ ውሃ ቀጭን ነው። በአረቄ ውስጥ ያለው አልኮል ይኸው ነው። የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከስኳር ተረፈ ምርት አውጥተውታል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባ ብዙ ሰው እጁን ያሸው በዚሁ አልኮል ነበር። ኢታኖል ጀርም ይገድላል። ቶሎ ስለሚደርቅም ሽቶና የፊት ማጽጃ ውስጥ ይገባል። ግን የቆዳን የተፈጥሮ ቅባት ያጥባል። ብዙ ከሆነ ቆዳን ያደርቃል።

ሁለተኛው ሴቲል አልኮል ወይም ስቴሪል አልኮል ይባላል። ከኮኮናት ወይም ከፓልም ዘይት ይሠራል። እንደ ሰም ነጭና ጠጣር ነው። በክሬም ውስጥ ውሃና ዘይት እንዳይለያዩ ያደርጋል፤ ቆዳንም ያለሰልሳል። ስሙ አልኮል ስለሆነ ብቻ አንፍራው።

የምናውቀው ግሊሰሪንም የአልኮል ወገን ነው። ውሃ ይስባል። ስለዚህ ከታጠብን በኋላ ገላችን ሳይደርቅ፣ በውሃ አቅጥነን እንቀባው።

ሦስተኛው ሜታኖል ነው። ይህ መርዝ ነው! በመልክ ከኢታኖል አይለይም። ዓይን ያሳውራል፤ ይገድላል፤ በቆዳም ይገባል። በ2012 ዓ.ም. በኢራን አገር «ከኮሮና ያድናል» ብለው የጠጡት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ኢታኖል አንቀባ። ያቃጥላል፤ ይብሱን ያደርቀዋል።
2. ትኩሳት ያለበትን ሕፃን በአልኮል አንሽ። በቆዳውና በትንፋሹ ገብቶ ይመርዘዋል። ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።
3. አልኮል በእሳት ይያያዛል። ከከሰል ምድጃና ከልጆች እናርቀው።
4. ጽሑፍ የሌለበትን፣ በየጠርሙሱ የተቀዳ አልኮል አንግዛ።
5. ጽሑፉ በአማርኛ ካልሆነ የመድኃኒት ቤት ባለሙያውን እንጠይቅ፤ «የሚያደርቀው ነው ወይስ የሚያለሰልሰው?» እንበል። መጠየቅ አያሳፍርም።

ተወያዩ፦ ቤታችሁ ያለውን የቅባት ብልቃጥ አምጡ። ጽሑፉን አንብቡ። አልኮል አለበት? የትኛው ዓይነት ነው?