ቦለደ የሚባል ግስ የት አለ?

ባለፈው እትም አንድ ጓዳችን «ልቦለድ» ብለን ገጥመን እንድንጽፍ መክሮናል። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ሰው ሲናገር እንደዚያ ነው የሚለው፣ ደግሞም የስቴንስል ቦታ ይቆጥባል። የአንዲት ፊደል ቦታ ለመቆጠብ ሲል ምን እንደጣለ ግን ያሰበበት አይመስለኝም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ «ጦቢያ» የተባለው ኋላ ነው። ልብ የወለደው ታሪክ ማለቱ ነው። ልብ ባማርኛ ማሰቢያም ነውና ልብ አድርግ፣ ልብ ግዛ እንባባላለን። በሁለት የቤት ቃል ለአዲስ የጽሑፍ ዓይነት ስም ተገኘለት፤ ግእዝም ፈረንጅም ሳያስቸግር! ቀስ በቀስ «ታሪክ» የሚለውን ጣልነው፤ ይሁን። አሁን ደግሞ «ወ»ን ዋጥናትና ልቦለድ ሆነ። ቦለደ የሚባል ግስ የት አለ?

«አፈወርቅ ራሱ ስሙ ተገጥሞ ይጻፍ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይጻፋል እንጂ! አፍ «አፈ» ሲሆን መጋጠሚያው በድምፁ ይታወቃላ፤ ቤተ፣ ልበ፣ ሆደ ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ልብ ወለድ ውስጥ ግን መጋጠሚያውን የሚያሳየን ባዶው ቦታ ብቻ ነው።

ይህ ለኛ ለመቱ ተማሪዎች ቀልድ አይደለም። ብዙዎቻችን እኮ ከቤት ኦሮምኛ ይዘን መጥተን ነው አማርኛን ክፍል ውስጥ የተማርነው። በኦሮምኛ ባል «አባ መና» ነው፣ የቤት አባት። ሁለቱ ቃላት ተለያይተው ስለሚጻፉ ትርጉሙ ፊት ለፊት ይታያል። ከጎሬ ወይ ከያዮ የመጣ ልጅም ልብንና ወለደን ያውቃቸዋል፤ ልብ ወለድ ሲያይ ሳይነገረው ይገባዋል። ልቦለድን ግን ሸምድዶ ነው የሚይዘው።

ያገራችንን ስም እዩት እስቲ። ኢሉ አባ ቦር ሦስት ቃል ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በመሥሪያ ቤት ወረቀት «ኢሉባቦር» እየተባለ ሲጻፍ አባው የት ገባ?

አንድ ቦታ ላይ ጓዳችን ሊረታኝ ይችላል፣ አልደብቅም። «ጦቢያ» ራሱ ኢትዮጵያን የቆረጠ የሰው አፍ ነው። ግን ወንድ መስላ ለምትጓዝ ልጅ ስም ማውጣት ሌላ፣ የጽሑፍን ዓይነት ስም ማድቀቅ ሌላ። ባፋችንማ ልቦለድ እንበል፣ ማን ይከለክላል! ለሚቀጥለው እትም የሰጠሁት ጽሑፍ ግን ከርእሱ በታች «ልብ ወለድ» ተብሎ ይመታልኝ። «ወ»ዋን የነካ አዘጋጅ ካለ መልሱን በጽሑፍ ይስጠኝ።