የፒካፕ ስርቆትን ለመከላከል ጂፒኤስ ብቻውን አይበቃም
በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለን ተሽከርካሪ መጠበቅ ይበልጥ አሳሳቢ ሆኗል። እህል ከማሳ ወደ ገበያ የሚያመላልስ ፒካፕ ሲሰረቅ፣ ከመኪናው ጋር የወቅቱ ገቢም አብሮ ይሄዳል።

ብዙዎች ቀድመው የሚያስገጥሙት ጂፒኤስ ነው። መሣሪያው ግን መኪናው ያለበትን ቦታ የሚያሳውቀው በሞባይል ኔትወርክ በመሆኑ፣ ኔትወርክ በማይደርስበት ቆላ ወይም የሲም ካርዱ ሒሳብ ሲያልቅ ዝም ይላል። ሞተር በርቀት የሚያጠፋው ዓይነትም ትእዛዝ የሚቀበለው በዚያው መስመር ነው።

ቁልፋቸው ቺፕ ለሌለው አሮጌ ፒካፖች መቅደም ያለበት፣ የማስነሻውን መስመር የሚቆርጥ ስውር ማብሪያና ማጥፊያ ነው፤ ኔትወርክም ሆነ ወርኃዊ ክፍያ አይጠይቅም። የሚገጥመው ኤሌክትሪሺያን ቦታውን ስለሚያውቅ (ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል) የታመነ ሊሆን ይገባል። ሞተሩን ሳያጠፋ ጭነት ለማራገፍ የሚወርድ ሹፌር ግን ማብሪያውንም ቺፑንም ከንቱ ያደርጋቸዋል።