አስፈሪ ሙዚቃ፣ አስፈሪ ዶላር

ገርጂ ወይ ሲኤምሲ መኝታ ቤቱን ስቱዲዮ አድርጎ ለሆረር ጌም ሙዚቃ ልሥራ ለሚል ልጅ ጥሬ ዕቃው እጁ ላይ ነው። አንቺሆዬን ውሰዱ። ሰርግ ላይ የምንጨፍርበት ቅኝት ነው፤ ግን ሁለት ቦታ ላይ ድምፆቹ በግማሽ ቶን ብቻ ስለሚራራቁ፣ በክራር ቀስ አድርጋችሁ ብትደረድሩት ያስበረግጋል። (ሞክሩት፣ ማታ ብቻችሁን ግን አይሁን።) ጃፓናዊው አኪራ ያማኦካም በ1999 እ.ኤ.አ. ሳይለንት ሂልን የሠራው ፋብሪካ በሚመስል ጩኸት ነው። በገናን ግን እኔ አልነካም። የጸሎት መሣሪያ የጭራቅ ማጀቢያ ሲሆን ብዙ ሰው ይቀየማል፣ እውነቱን ነው።

ችግሩ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በዶላር የሚገዛው ሶፍትዌር ተሰቀለ፤ ከውጭ ስቱዲዮ የሚመጣው ክፍያም በብር ሲቆጠር አብሮ አደገ። ስለዚህ ሁሉም ወደ ውጭ ያያል፣ የተላከለትንም ውል ሳያነብ ይፈርማል። የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንኳን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በትዕዛዝ የተሠራን ሥራ የኢኮኖሚ መብት ለአዛዡ ነው የሚሰጠው። ጌሙ ሚሊዮን ኮፒ ቢሸጥ ለእናንተ ያው የመጀመሪያዋ ክፍያ ናት። ስለዚህ ስለ ዋጋ ከማውራታችሁ በፊት «መብቱ የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።