ከተራራው አስቀድመን ቤታችንን እንመርምር

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ መሬት ለወራት ሲናወጥ፥ በከተማችን በአዳማም አልጋና ጠረጴዛ ሲወዛወዝ፥ በየደጁ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ተራራው መቼ ይፈነዳል?» የሚል። ተራራው ግን አልፈነዳም። ስለዚህ ብዙ ሰው «የፈራነው በከንቱ ነው» ብሎ ነገሩን ረሳው። በእኔ አስተያየት ጥያቄውም መልሱም ልክ አልነበረም።

ስምጥ ሸለቋችን ምድር ቀስ በቀስ የምትለያይበት ስፍራ ነው። በሥሯ ያለው የቀለጠ ዐለት ሲነሣ ሁልጊዜ ወደ ላይ አይወጣም፤ ብዙ ጊዜ እንደ ሽብልቅ ምድርን እየሰነጠቀ ወደ ጎን ይሄዳል። ግንድ በሽብልቅ ሲፈለጥ እንደሚጮኽ፥ ምድርም ስትሰነጠቅ ትንቀጠቀጣለች።

ምስክሩ አገራችን ናት። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ በቀለጠ ዐለት ሲሞላ፥ መሬቱ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተለያየ፤ ከምድር በላይ የታየው ግን አነስተኛ ፍንዳታ ነበር። በፈንታሌና በዶፈን መካከልም በ2017 ዓ.ም. የቀለጠው ዐለት ከመሬት በታች ቀረ፤ የወጣው እንፋሎት፥ ጭቃና አቧራ ነው። በዚያው ዓመት በግሪክ አገር በሳንቶሪኒ ደሴት በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ መንቀጥቀጡን ሸሽቶ ሲወጣ፥ እዚያም እሳቱ ሳይወጣ ቀረ።

«እንግዲያስ እሳተ ገሞራ አያሠጋም» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ከኤርታሌ ሥር ወደ ጎን የሄደው የቀለጠ ዐለት እስከ ሃይሊ ጉቢ ሥር ዘልቆ ነበር፤ አራት ወር ቆይቶ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ፥ አመዱም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ደረሰ። ስለዚህ ተራራውን በመሣሪያና በሳተላይት መጠበቅ የባለሙያዎች ግዴታ ነው።

የእኛ ግዴታ ግን ሌላ ነው። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. መጠኑ 6.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ይህ ያለ አንዳች እሳት ቤት ለማፍረስ የሚበቃ ኀይል ነው። በዚያ ወራት በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቀያቸውን የለቀቁት እሳት አቃጥሏቸው አይደለም፤ መሬቱ ተሰንጥቆ፥ ቤታቸው ፈርሶ እንጂ። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ሲያወድም እሳት አልታየም።

ዛሬ አዳማ ወደ ላይ የምታድግ ከተማ ናት። ወላጆቻችንን በትሕትና የምለምነው፥ ቤት ሲያሠሩ ከብረቱና ከሲሚንቶው እንዳይቆጥቡ፥ ያለ መሐንዲስ ፎቅ እንዳይደርቡ ነው። መምህሮቻችንንም የምጠይቀው፥ መንቀጥቀጥ ሲመጣ በደረጃ ላይ ከመጋፋት ይልቅ ጠረጴዛ ሥር መግባትን በየመንፈቁ እንዲያለማምዱን ነው። ጓደኞቼ ሆይ፥ የተማርነውን ለታናናሾቻችን እናስተምር።

ተራራው የሚፈነዳበትን ቀን መወሰን አንችልም፤ የምናድርበትን ቤት ማጽናት ግን እንችላለን። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ጊዜ ነው።