መንገድም ሐቅ አለው



የኮሪደር ልማትን በተመለከተ ግቢያችን ውስጥ ሁለት መዝሀቦች አሉ። የመጀመሪያው መዝሀብ ተከታዮች ከአራት ኪሎ ተነስተው መገናኛ እስኪደርሱ ድረስ «ማሻአላህ፣ ዱባይ ሆነናል እኮ!» ሲሉ ይቆያሉ። የሁለተኛው መዝሀብ ተከታዮች ደግሞ ያንኑ መንገድ ባዩ ቁጥር «ኢናሊላህ» ብለው ይጀምሩና የፈረሰውን ቤት ሁሉ እየቆጠሩ ይወርዳሉ። የሚገርመው ሁለቱም የሚሳፈሩት አንድ ታክሲ ነው፤ ሲወርዱም ሁለቱም እዚያው መብራት ስር ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። እኔ አምስተኛ መዝሀብ ላቋቁም አልመጣሁም፤ ያሉት አራቱ ይበቁናል። ነገር ግን ዲናችን ስለ መንገድ የሚለው ነገር እያለ፣ ክርክሩን ሁሉ ለቲክቶክ ሙፍቲዎች መተዋችን አልዋጥልህ ብሎኛል።

በመጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር። የካ ክፍለ ከተማ ያደገ ሰው መንገድ ሲሠራ አይከፋውም። ድሮ በክረምት ከሾላ ቀበና በእግር ለመሄድ ቦት ጫማና ዱዓ ያስፈልግ ነበር። እግረኛው በመኪናው መንገድ ይሄዳል፤ መኪናው በእግረኛው መንገድ ይቆማል፤ ድንችና ሽንኩርቱ ደግሞ ሁለቱንም ይዞ ይውላል። በ2016 ዓ.ም የአራት ኪሎ–መገናኛ መስመር በመጀመሪያው ዙር ተሠራ። ዛሬ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ። የብስክሌት መንገድም አለ፤ ብስክሌቶቹ ገና እየመጡ ነው መሰለኝ። የሕዝብ መጸዳጃ ቤትም አለ። ይህን የመጨረሻውን አቅልላችሁ እንዳታዩት፤ ዐስር ሊያልፍበት ሲል ውዱእ የሚያደርግበት ቦታ ያጣ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል።

የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገርን ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ እንደሆነ አስተምረውናል። ከዑመር (ረ.ዐ.) እንደሚተላለፈው ደግሞ፣ ኢራቅ ውስጥ አንዲት በቅሎ ብትደናቀፍ መንገዱን ለምን አላስተካከልክላትም ተብለው እንዳይጠየቁ ይፈሩ ነበር። እሳቸው የነበሩት መዲና፣ በቅሎዋ ያለችው ኢራቅ! ስለዚህ መንገድ መሥራት በራሱ የሚጠላ ነገር አይደለም፤ መሪን በአላህ ፊት የሚያስጠይቅ ኃላፊነት ነው። እዚህ ድረስ የመጀመሪያው መዝሀብ ትክክል ነው።

ችግሩ የሚጀምረው የዑመርን በቅሎ ይዘን ሌላውን የዑመርን ታሪክ ስንረሳው ነው። ዑመር የነቢዩን መስጂድ ማስፋት ፈለጉ። ከመስጂዱ አጠገብ የነቢዩ አጎት የዐባስ (ረ.ዐ.) ቤት ነበረ። በሲራና በታሪክ መጻሕፍት እንደሚተረከው ዑመር ሦስት ምርጫ አቀረቡ፦ ወይ ሽጥልኝ፣ ወይ መዲና ውስጥ የፈለግከውን ቦታ ምረጥና ከበይተል ማል ወጪ ልሥራልህ፣ ወይ ለሙስሊሞች ሰደቃ አድርገው። ዐባስ ሦስቱንም እምቢ አሉ። ልብ በሉ፤ ጠያቂው ኸሊፋው ነው፣ ፕሮጀክቱም መናፈሻ ሳይሆን የነቢዩ መስጂድ ነው። ዛሬ ቢሆን «ፀረ ልማት» የሚለው ታፔላ ማታውኑ በራቸው ላይ በተለጠፈ ነበር። ዑመር ግን ዶዘር አልላኩም። ሁለቱም ተስማምተው ወደ ዑበይ ኢብን ከዕብ (ረ.ዐ.) ለዳኝነት ሄዱ። ዑበይም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ቤቱን መውሰድ አይቻልም ብለው ኸሊፋው ላይ ፈረዱ። ዑመር ፍርዱን ተቀበሉ። ይሄኔ ዐባስ ቤቱን ያለ አንዳች ክፍያ ለሙስሊሞች ሰጡ።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ ሳስበው ቁምነገሩ መጨረሻው ላይ ነው። ቤቱ በመጨረሻ ፈርሷል፤ መስጂዱም ሰፍቷል። «ልማት ወይስ መብት?» እያልን የምንጨቃጨቅበት ነገር እዚያ ሁለቱም ተገኝተዋል። መሐል ላይ የነበረው ነገር ዳኛ ነው። ሰውዬው «አይሆንም» ማለት እንደሚችል ካወቀ በኋላ ነው «ይሁን» ያለው።

የኛም ሕግ በወረቀት ደረጃ ከዚህ አይርቅም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 መሠረት መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረትን መውሰድ ይችላል፤ ነገር ግን ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል አለበት። «በቅድሚያ» የምትለዋን ቃል በእርሳስ አስምሩባት። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ተነሺዎችን አስቀድሞ ማማከርን፣ ቅሬታ የሚሰማ አካልንና መልሶ ማቋቋምን ይደነግጋል። የከተማው አስተዳደርም ለተነሺዎች ምትክ ቤትና ቦታ እንዲሁም ካሳ መስጠቱን ይናገራል። የተሻለ ቤት የገቡ ሰዎችም በርግጥ አሉ፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ሆኖም አገራችን ውስጥ «አስቸኳይ» የሚባል ቃል አለ። ይህ ቃል ከገባ የወራቱ ጉዳይ በቀናት ያልቃል፤ ምክክሩም ወደ ማሳወቂያ ይቀየራል። ሕጉ ሸርጧን አሟልታ የቆመች ሶላት ትመስላለች፤ አፈጻጸሙ ግን ኢማሙ ሩኩዕ ላይ እያለ ሮጦ እንደሚደርስ ሰው ነው።

አንዲት የሰፈራችን እናት ነበሩ። ቤታቸው መንገዱ ዳር ስለነበር ተነሱ። እንጀራ ጋግረው ይሸጡ ነበር፤ ግማሹ ሰፈር ደንበኛቸው ነው፤ የዱቤውን ደብተር ያለ ደብተር በቃላቸው ይዘውታል። ምትክ ቤት ደርሷቸው ከከተማዋ ጫፍ ገቡ። ልጠይቃቸው ሄጄ «እትዬ፣ ቤቱ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ቤቱ ጥሩ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ውሃም አንዳንዴ ይመጣል። እንጀራው ግን ማን ይገዛኛል? አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ጭስ ያሸታል?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉና «ልጄ፣ እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ ስሞት ማን ይሰማል?» አሉኝ።

እንግዲህ ይህን የትኛው የካሳ ቀመር ያሰላዋል? ግንቡ በካሬ ሜትር ይለካል፤ ቆርቆሮው ይቆጠራል። እድሩ፣ የጠዋት ቡናው፣ ሱብሒ ላይ «ዛሬ ለምን ቀሩ?» የሚለው ሰው፣ ጀናዛ ሲኖር በአንድ ጥሪ የሚሰበሰበው ጀመዓ ግን ቅጹ ላይ ሳጥን የላቸውም። ሰፈር ሲበተን የሚበተነው ይህ ነው። እስላምና ክርስቲያኑ አንድ ግቢ እየኖረ አንዱ ለሌላው ጀናዛና ቀብር የሚሮጥበት የቀበናና የፈረንሳይ ሌጋሲዮን ጉርብትና በኮንዶሚኒየም ዕጣ አይወጣም።

አሁን አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ ወደ እንጦጦ እዩ። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ራሷ ተነሺ ናት። አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው እንጦጦ ላይ ነበር። ብርዱና ንፋሱ ሲበዛባቸው እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃን ወደዱና በ1879 ዓ.ም ከተማዋ ወደ ታች ወረደች። ለቤተ መንግሥት ሰው «ልማት ተነሺ» አይባልም እንጂ ነገሩ ያው ነው። ከዚያ የማገዶ እንጨት አለቀና ከተማዋ ወደ አዲስ ዓለም ልትነሳ ተቃርባ ነበር። ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ይህች ከተማ ዛሬ በቦታዋ የቆመችው በማገዶ ምክንያት ነው ማለት ነው።

ያን ማገዶ ማን ተሸከመው? ከእንጦጦና ከየካ ጫካ ከቁመታቸው የሚረዝም እንጨትና ቅጠል አዝለው፣ ጎንበስ ብለው የሚወርዱት እናቶችና እህቶች ናቸው። በ2013 ዓ.ም የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። የሚያምር ቦታ ነው፤ ፈረሱም፣ ብስክሌቱም፣ ካፌውም አለ። ቅዳሜ ጠዋት እኛ ለስፖርት ዳገቱን ስንወጣ እነሱ ለእራት ብለው ይወርዱታል። እኛ ላብ ስናይ «ካሎሪ አቃጠልን» እንላለን፤ እነሱ የተሸከሙት የሚቃጠለው ነገር ሌላ ነው። አንዳንድ ወንድሞቻችን ደግሞ ሳያስፈቅዱ ፎቶ ያነሷቸውና «ሰብር» ብለው ይለጥፋሉ። ወንድሜ፣ ሰብሩ የሷ ነው፤ ላይኩ ግን ያንተ ሆነ። ከምትለጥፍ ሸክሟን አስጠጋላት።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ በየካ ተራሮች ላይ የጫካ ፕሮጀክት አለ። ቤተ መንግሥት መጀመሪያ ከተራራ ወረደ፤ አሁን ተመልሶ ወደ ተራራ እየወጣ ነው። ስለዚህ ፕሮጀክት ብዙ ይወራል፤ እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዑመር ሚንበር ላይ ቆመው የለበሱት ጨርቅ ከየት እንደመጣ ተጠይቀው የመለሱ መሪ እንደነበሩ ሰምተን ያደግን ልጆች ነን። ስለ ሁለት ክንድ ጨርቅ ከተጠየቀ፣ ስለ ተራራ መጠየቅ ነውር ሊሆን አይችልም።

እኛ ተማሪዎችም ሂሳብ አለብን። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን ምግብ በጀትም ከ22 ብር ወደ 100 ብር አደገ፤ አልሐምዱሊላህ። እንግዲህ ያቺን መቶ ብር ይዛችሁ ኮሪደሩ ላይ ካሉት አዳዲስ ካፌዎች ወደ አንዱ ግቡ። ማኪያቶ እዘዙና ቁርስን፣ ምሳንና እራትን በአንድ ኒያ ሰብስቡ። ሙሳፊር ሶላት ይሰበስባል፤ ተማሪ ደግሞ ማዕድ ይሰበስባል።

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ ጣታችንን ወደ ራሳችን ሳናዞር ብንጨርስ ፍትሕ አይሆንም። መልዕክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) መንገድ ላይ መቀመጥን ሲከለክሉ፣ ሶሓቦቹ መቀመጣችን አይቀርም ቢሏቸው፣ እንግዲያውስ የመንገዱን ሐቅ ስጡ አሏቸው። ሐቁም ዓይንን መስበር፣ ሰውን አለማስቸገር፣ ሰላምታን መመለስ፣ በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል ነው። ዓይንን መስበር የሚለው በኮሪደሩ አግዳሚዎች ላይ ለሚውሉ ወንድሞች ብቻውን የአንድ ሴሚስተር ኮርስ ይወጣዋል። ሰውን አለማስቸገር የሚለው ደግሞ ጁምዓ ቀን መስጂድ በር ላይ መኪና በሦስት ረድፍ ለምናቆም፣ ከሶላት በኋላም በሩን ዘግተን ቆመን ለምናወራ ነው። የታመመ ልጇን ይዛ በዚያ የምታልፍ ክርስቲያን ጎረቤታችን ስለ እስልምና የምትማረው ከዳዕዋ ወረቀታችን ሳይሆን ከፓርኪንጋችን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር አለኝ፤ ሦስቱም መፈክር አይፈልጉም።

አንደኛ፣ የሕግ ተማሪዎች ሆይ! አዋጁን ለፈተና ብቻ አታጥኑት። ሰፈራችሁ ውስጥ ማሳወቂያ የደረሰው ሰው ካለ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁት አንብቡ፤ ቅሬታ ማቅረቢያው ቀን ሳያልፍበት ንገሩት። ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው ወረቀቱን የሚያነብለት ሰው ሲያጣ ነው። ሁለተኛ፣ ከመስጂዳችን አካባቢ የተነሱ አባቶችና እናቶች እነማን እንደሆኑ፣ የት እንደገቡ፣ ስልካቸው ስንት እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው በየጀመዓው ይኑር። በረመዷን ኢፍጣር መንገድ ዳር ካሜራ ፊት ብቻ ሳይሆን አራተኛ ፎቅ ድረስ ይውጣ። ሦስተኛ፣ ስለ ፈረሰ ቤትም ሆነ ስለ ፈረሰ መስጂድ የሰማነውን ወሬ ሳናጣራ አናጋራ። ዜና ሲመጣ አጣሩ የተባልነው እኛ ነን። በእውነተኛ በደል ላይ አንድ ውሸት ከጨመርንበት፣ ቀድሞ የሚሞተው የተበዳዩ ጉዳይ ነው።

መንገዱ ይሠራ፤ መብራቱም ይብራ። እኛም እንሂድበት፣ ፎቶም እንነሳበት፤ ሐራም ያለው የለም። ግን የዑበይ ዓይነት ዳኛና የዑመር ዓይነት ሰሚ እንጠይቅ። እስኪገኙ ድረስ ደግሞ ለእኚያ እናት ጥያቄ መልስ የምንሰጠው እኛ ነን። «ስሞት ማን ይሰማል?» ላሉት፣ ቢያንስ አንድ ሰው ስልካቸውን ይያዝ፤ በሳምንት አንዴም ይደውል። የአሥር ደቂቃ ጥቅል ከአንድ ማኪያቶ ይረክሳል።

ወሰላሙ ዓለይኩም።